በልሙጡ ፊት ላይ የተጻፈ ሙሾ

የገልባድ ድል ሦስተኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት፣ ፀሐይ በተርማዝ ከተማ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ፊት የሌለው አውሬ በቤተ መንግሥቱ ደጅ ገባ።

በዚያች ደቂቃ የንጉሥ አርማዜር ፎካሪ በአዳራሹ መካከል ቆሞ ነበር። የአምዶራ አገር መኳንንት በቀኝና በግራ ተደርድረዋል። ፎካሪው በወርቅ ቀለም የተከበበውን ብራና ከፍ አድርጎ ዘረጋና ድምፁን ለቀቀው።

«ዘራፍ! አራት መቶ ወንድ ገልባድ ላይ የቆመ፣
ሞትን እንደ ሙሽራ በከንፈር የሳመ!»

ሦስተኛውን ስንኝ ሊጀምር ሲል ፊደሎቹ ከብራናው ላይ ተነቀሉ። እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ወደ ጠርዙ ሄዱና መሬት ላይ ረገፉ። ፎካሪው ባዶ ቆዳ ይዞ፣ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

በሩ ተሰነጠቀ። የገባው ነገር ከፈረስ ይበልጣል። ፀጉር የለውም፤ ቆዳው ውሃ ውስጥ እንደዘፈዘፉት ቆዳ ገርጥቶ ተወጥሯል። ጥፍሮቹ ማጭድ ያህላሉ። ፊቱ ሊሆን የሚገባው ቦታ ከግንባር እስከ አገጭ ደም የሚያዥ ጥሬ ሥጋ ነበር። አርባ ቀን ሙሉ በገልባድ መንገድ ነጋዴና ገበሬ ሲፈጅ የከረመው አውሬ ይህ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ግን አይቶት የተረፈ ሰው አልነበረም።

ዘበኞቹ ሰይፍ መዘው ዘለሉበት። ብረቱ ይገባል፤ ሲወጣ ቆዳው እንደ ውሃ ይገጥማል። አሥራ አንድ ሰው በአዳራሹ ወለል ላይ ተዘረጋ፣ የአንዱ አንጀት በሌላው ጋሻ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ አውሬው ፎካሪውን በሁለት መዳፉ መካከል ያዘና በአንድ ጥፍር፣ በጥንቃቄ፣ ከላይ ወደ ታች ፊቱን ፋቀው። ሰውየው ሲወድቅ ዓይን የለውም፣ አፍንጫ የለውም፣ አፍ የለውም። ሊጽፉበት እንደተዘጋጀ ብራና ልሙጥ ሆኗል። እናቱ ከሴቶቹ መደብ ላይ ተነስታ ሬሳውን አየችና ጎረቤቷን ጠየቀች።

«ይኼ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

አውሬው ባዶውን ብራና ከወለሉ አነሳ። በጥሬው ሥጋ ላይ ለጠፈው። ብራናው ሥጋውን ይዞ ጸና፣ ልሙጥ ፊትም ሆነለት። ይህን ፊቱን ይዞ በጸሐፊዎቹ መደብ አጠገብ አለፈና አንዲት ወጣት ሴት ፊት ለፊት ቆመ።

ሴቲቱ ዘሚካ ትባላለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ አልለበሰችም። አልሸሸችም። አውሬው ልሙጥ ፊቱን ከፊቷ አንድ ስንዝር ያህል አስጠግቶ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆየ። በዚያ ቆዳ ላይ፣ እንደ መንታ ክር ጎን ለጎን የሚሄድ የመፋቂያ ጭረት አየች። በአምዶራ ሁሉ እንዲህ ያለ መንታ ጭረት የሚተው አንድ ጫፉ የተሸረፈ ቢላ ብቻ ነው። ቢላው በዚያች ሰዓት በቀበቶዋ ላይ ነበር።

አውሬው ጥቂት ቆይቶ ዞረና ወጣ።

*

በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ ጉባኤ ጠራ። ደሙ ከወለሉ ገና በደንብ አልለቀቀም ነበር። ዘሚካ ማንም ሳይጠራት ወደ መካከል ወጣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ያን ብራና የፋቅሁት እኔ ነኝ።»

እያንዳንዱ የአምዶራ ሰው ምን እንዳለች ገብቶታል። በዚያ አገር አንድ ታላቅ ነገር ሲሆን በሦስት ዓይነት ይጻፋል፦ ዜናው ለንጉሡ፣ ፉከራው ለሠራዊቱ፣ ሙሾው ለቤተሰቡ። ታሪኩን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት አሻጋሪ የሚባሉ ጸሐፊዎች ናቸው፤ ዘሚካም አንዷ ነበረች። ሦስቱም በአደባባይ እስኪሰሙ ድረስ መጀመሪያ የተጻፈው ብራና እንዳይፋቅ ሕግ አለ። ሳይሰማ የተፋቀ ታሪክ ሥጋ ለብሶ ይነሳል ይባላል። አሻጋሪዎቹ ግን ብራና በተወደደ ቁጥር በዚህ ሕግ ይስቁ ነበር።

«የገልባድ ታሪክ መጀመሪያ የተጻፈው በሙሾ ነበር» አለች። «መምህሬ ጽፎ ሰጠኝና በዚያው ሳምንት ሞተ። ወደ ፉከራ እንዳሻግረው ታዘዝሁ። ሦስት ስንኝ አነበብሁ። በሦስተኛው ላይ የባሌ የኢታም ስም ነበረ። የቀረውን አላነበብሁም። ፋቅሁት፤ በዚያው ቆዳ ላይ ፉከራውን ከራሴ አውጥቼ ጻፍሁ።»

«ስለ ምን?» አለ ንጉሡ።

ዘሚካ ጥቁር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እንዲለቀስለት አልፈለግሁም። ከተለቀሰለት ሞቷል ማለት ነው። በፉከራ ውስጥ ግን ቆሟል።»

ከመኳንንቱ አንዱ «እጇ ይቆረጥ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ከኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ወታደር እየተገፋ ሳይሆን እየገፋ ወደ ፊት መጣ። ባሻ ጉርሙ ነው፤ የገልባድ ዘመቻ የኋላ ዘብ አለቃ፣ ከዚያ ዘብ በሕይወት የተመለሰ ብቸኛ ሰው።

«እጇን ከቆረጣችሁት ማን ይጽፈዋል? እናንተ?» አለ። ጥቂቶች ሳይወዱ ሳቁ። «ንጉሥ ሆይ፣ ሙሾውን ለመምህሯ የነገርሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ዝም እንድል ታዘዝሁ፣ ዝም አልሁ። አሁን አፌን ይፍቱልኝ። ታሪኩ ወደ ራሱ ቆዳ መመለስ አለበት። ቆዳው ደግሞ አውሬው ፊት ላይ ነው፤ አውሬውም ወደ ገልባድ ይመለሳል።»

ንጉሡ ሽማግሌውን ለረጅም ጊዜ አየው። በሁለቱ መካከል ሌላ ሰው የማያውቀው ነገር እንዳለ ዘሚካ ተረዳች።

«ሂዱ» አለ በመጨረሻ። «አፍህ ተፈቷል።»

ዘሚካ ቀኝ እጇን አነሳች። «በዜናው፣ በፉከራው፣ በሙሾውም እምላለሁ። የወሰድሁትን ሳልመልስ የዚህችን ከተማ እህል አልቀምስም።»

*

ሦስተኛዋ ተጓዥ ውዳላት ነበረች፤ የከተማይቱ አልቃሽ፣ ድምፀ ወፍራም፣ አንደበተ ስለታም ሴት። በቅሎዋ ላይ ተቀምጣ ከተማውን ሳይለቁ ጀመረች።

«አንቺ ልጅ፣ ታስታውሺኛለሽ? ባልሽ የሞተ ጊዜ ደጅሽ መጥቼ ነበር።»

«አስታውሳለሁ፣ እትዬ ውዳላት።»

«በሩን ዘጋሽብኝ። እኔ ላይ! የንጉሥ እናት እንኳ አልዘጋችብኝም።» በአምዶራ የሙሾ የመጀመሪያው ስንኝ የአልቃሿ ነው፤ ሁለተኛው የሟች ቤተሰብ ነው፤ አልቃሿ በምንም ምክንያት አትነካውም። «የኢታምን ስንኝ ሦስት ዓመት አንጠልጥዬ ይዣለሁ። አንገቴን አመመኝ እኮ።»

ባሻ ጉርሙ ከፊት ሆኖ ሳቀ። «ተያት፣ አንቺ ሴትዮ። መንገዱ ረጅም ነው።»

«አንተ ደግሞ ዝም በል፣ ሽማግሌ። ስትሞት በነፃ ነው የማለቅስልህ፣ አትቸኩል።»

በሦስተኛው ቀን ፌዙ አለቀ። አውሬው ያለፈበት መንደር ደረሱ። ሬሳዎቹ በየደጃፉ ወድቀዋል፤ ሁሉም ልሙጥ ናቸው። የተረፉት ጥቂት ሰዎች በመካከላቸው እየተዘዋወሩ፣ የገዛ ልጆቻቸውን ተራምደው ውሃ ሊቀዱ ይሄዳሉ። ውዳላት ከበቅሎዋ ወርዳ ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ የማንንም ስም የሚነግራት አጣች። መልሳ ዘጋችው።

ከመንደሩ ማዶ ሸሞራዎች ወረዱባቸው። ሸሞራ ክንፉ የቆዳ፣ ምንቃሩ የአጥንት የሆነ፣ ድምፅ የሌለው ወፍ ነው፤ የአውሬውን ትርፍ ይበላል። አንዱ የዘሚካን በቅሎ ዓይን በአንድ ምት አወጣው። በቅሎው እየተንፈራገጠ ገደል ገባ። ጉርሙ ጋሻውን በዘሚካ ራስ ላይ ደፍቶ በጦሩ ሦስቱን አከታትሎ ወጋ፤ አራተኛው ጆሮውን ከሥሩ ቆርጦ ይዞ በረረ። ውዳላት በድንጋይ አንዱን ጨፍልቃ፣ ደም የለበሰ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እሱስ ጆሮህን ነው የወሰደው፤ ድሮም አትሰማበትም ነበር» አለች።

ዘሚካ ቁስሉን ስታስርለት ጠየቀችው። «ባሻ፣ እዚያ የሆነውን አሁን ይንገሩኝ። ቀድሜ ላዘጋጀው።»

«እዚያው እነግርሻለሁ። ሁለት ጊዜ የምናገረው ነገር አይደለም።»

በመልሱ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች።

*

በአምስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ገልባድ ደረሱ። ገደሉ ሁለት ተራሮችን ለያይቶ ይወርዳል፤ ከታች ወንዙ እንደ ክር ይታያል። ድሮ ሁለቱን ያገናኘው ከበሬ ጠፍር የተገመደ ድልድይ ነበር። አሁን በዚህኛው ዳር ሁለት ወፋፍራም የእንጨት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ከአንደኛው ላይ የተቆረጠ ጠፍር ወደ ባዶው ተንጠልጥሏል።

ጉርሙ ጠፍሩን ስቦ አወጣና ከምሰሶው ፈታው። እንደ ትልቅ እባብ እግሩ ሥር ተጠቀለለ። ጫፉን ለዘሚካ አሳያት፤ በስለት በአንድ ምት የተቆረጠ ነው።

«የቆረጥሁት እኔ ነኝ» አለ። «ንጉሡ ተሻግረው ነበር። ጠላት ከኋላ ደርሷል። አራት መቶ ሰዎቼ ማዶ ቀርተዋል። ንጉሡ ‹ቁረጠው› አሉኝ። እነሱ አልቆሙም፣ ልጄ። ወደ ድልድዩ ሮጡ።»

ገና ይህን ሲል ከገደሉ ውስጥ ጥፍር ድንጋይ ሲቧጥጥ ተሰማ። ልሙጡ አውሬ ታሪኩን ሰምቶ ወጣ።

ጉርሙ የጠፍሩን ጫፍ ሸምቀቆ አድርጎ ጠበቀ። አውሬው ሲዘልበት ጦሩን በደረቱ ሰክቶ ገፋው፣ ሸምቀቆውንም በአንገቱ አጠለቀለት። ጠፍሩን በምሰሶው ላይ አዙሮ በሙሉ ክብደቱ ጎተተ። የአውሬው ራስ ከምሰሶው ጋር ተላተመ። ጥፍሮቹ አየር ይቆርጣሉ፤ አንደኛው የጉርሙን ጭን እስከ አጥንት ከፈተው።

«ጻፊ!» አለ።

ዘሚካ የቀለም ቀንዷን ፈለገች፤ ከበቅሎው ጋር ገደል ገብቷል። ጫፉ የተሸረፈውን ቢላ መዘዘችና የግራ መዳፏን ቀደደች። መቃ ብዕሯን ደሟ ውስጥ ነክራ በልሙጡ ፊት ላይ መጻፍ ጀመረች፤ የምትጽፈውንም ጮክ ብላ አለች። ውዳላት ከኋላዋ ቆማ የመጀመሪያውን ስንኝ በዜማ ተቀበለች።

«ቆሙ አትበሉብኝ፣ ሮጡ ወደ ቤታቸው፣»

ዘሚካ ሁለተኛውን ጻፈች። ከገደሉ ታች ማን እንደሆነ የማይታይ ብዙ ድምፅ ተነስቶ ስንኙን ዘጋው።

«ጠፍሩን ጨብጠውት በጥርስ በጥፍራቸው።»

አውሬው ጸጥ አለ። የተጻፈበት ቆዳ ሞቀ፣ የሰው ቆዳ መሰለ።

«ኢታምስ?» አለች ዘሚካ። «እሱስ ምን አደረገ?»

ጉርሙ አፉን ሊከፍት ሲል ግን አልጠበቀችውም። ሦስት ዓመት የኖረችበት ቃል እጇን ቀደማት።

«ኢታም ግን አልሮጠም፣ ቀረ እንደ ዓለት፣
ሰይፉን እንደመዘዘ፣ ፊቱን ለጠላት።»

ከገደሉ ማንም አልመለሰም። ደሙ ከቆዳው ላይ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ረገፈ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞችም አብረው ሄዱ። አውሬው ራሱን አንድ ጊዜ ነቅንቆ ጉርሙን ከመሬት አነሳውና በምሰሶው ላይ መታው። ጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሴቶች ሰሙ። የተፈታው ጥፍር የዘሚካን ግራ ክንድ ያዘ፤ ከክርን እስከ ጣት በዝግታ፣ እንደ ጸሐፊ በጥንቃቄ፣ መፋቅ ጀመረ።

«እሱ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ጉርሙ። ደም ይተፋል። «አንቺ ልጅ፣ ፉከራውን ነው የምትጽፊው! እሱ አይደለም!»

ጠፍሩ ከእጁ እያመለጠ ነበር። የሚጎትትበት ጉልበት አልቀረውም። ክብደቱ ግን ገና አለ። የጠፍሩን ሌላ ጫፍ ወገቡ ላይ ቋጠረና ውዳላትን አያት።

«በነፃ ነው ያልሽው፣ አይደል?»

ከገደሉ ጫፍ ወደ ባዶው ዘለለ።

ጠፍሩ ተወጠረ። የአውሬው ራስ በምሰሶው ላይ ተቸንክሮ ቀረ፤ አንገቱ ጮኸ። ጉርሙ ከታች፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሦስት ዓመት ዝም ያለውን ተናገረ።

«እዚህ ነበር! ኢታም እዚህ፣ እኔ ያለሁበት! ቀድሞ የሮጠው እሱ ነው፤ ድልድዩን አጋምሶ ነበር! ‹ባሻ፣ አንዴ ይቆዩኝ› አለኝ! አልቆየሁትም! ጠፍሩን ስቆርጥ አንቺን ነው የጠራው! ‹ዘሚካ፣ ፈራሁ› ነው ያለው! ሰይፍ አልመዘዘም፣ ልጄ! ፈራሁ ነው ያለው!»

ዘሚካ ዓይኗን ለአንዲት ቅጽበት ጨፈነች። በዚያች ቅጽበት ባሏ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተ፤ የመጀመሪያውን ጊዜ አላየችም ነበርና ይኸኛው ከበደ። ከዚያም መጻፍ ጀመረች። ከሚፋቀው ክንዷ በሚወርደው ደም ውስጥ ብዕሯን እየነከረች፣ በቀኝ እጇ፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ ጻፈች። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች መለሰቻቸው። ቀጠለችና የራሷን፣ የኢታምን ስንኝ፣ ድምፅ ሳታወጣ ጻፈች። በላዩም፣ ማንም ሳይነግራት፣ አዲስ ጨመረች፤ ውዳላትም ዕንባዋ አፏ ውስጥ እየገባ ተቀበለችው።

«ጉርሙ ጠፍር ቆርጦ፣ አራት መቶ ገድሎ፣»

ከታች የአራት መቶ ሰው ድምፅ መለሰ። ከሁሉም ቀድሞ የራሱ የጉርሙ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ተመልሶ መጣ፣ ተራዬ ነው ብሎ።»

በልሙጡ ፊት ላይ ዓይን ተከፈተ። የአንድ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቁት፣ የየራሳቸውን ሰው የሚያዩበት ዓይን ነበር። ዘሚካን አያትና ተከደነ። የአውሬው ሥጋ እንደ ዝናብ ጭቃ ፈሰሰ። በእጇ የቀረው አንድ የተጻፈበት ብራና ብቻ ነበር። ጠፍሩ የሚይዘው አንገት አጣና መሮጥ ጀመረ። ዘሚካ ብራናውን ጥላ በቀኝ እጇ ያዘችው። መዳፏን እያቃጠለ አለፈ። ሁለተኛ እጅ ቢኖራት ትይዘው ነበር።

ከታች ጩኸት አልተሰማም።

*

ግራ ክንዷን ውዳላት ከክርን በታች ቆርጣ በእሳት ተኮሰችው። ወደ ተርማዝ ሲመለሱ፣ በዚያ መንደር ያሉ ሰዎች በየደጃፋቸው ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኟቸው። የሬሳዎቹ ፊት ተመልሶ ነበር። ውዳላት ሁለት ቀን ሙሉ አለቀሰችላቸው፤ እነሱም በየስንኙ መለሱላት።

ንጉሡ ብራናውን ብቻውን አነበበ። «ቁረጠው» የሚለው ቃል በዚያ ውስጥ ባይኖርም፣ ማን እንዳለው ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ዜና እንደሚጠይቅ ያውቃል።

«ፉከራው ብቻ ቢቀርስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሕዝቡ ይወደዋል።»

«ፉከራውም ይጻፍ፣ ንጉሥ ሆይ። ወታደር ሲዘምት እሱ ያስፈልገዋል። ዜናው ደግሞ የእርስዎን ትእዛዝ ይናገር። ሙሾውም ይሰማ። አንዱ ከጎደለ ግን ተመልሶ ይነሳል፤ ያን ጊዜ የምሰጠው አንድ እጅ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ንጉሡ ባዶውን እጅጌዋን አየ። ከዙፋኑ ወረደና ብራናውን በሁለት እጁ መለሰላት።

ሙሾው የተሰማው በአራተኛው ዓመት መባቻ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማይቱ አደባባይ ነው። ንጉሡ ጫማውን አውልቆ ቆሞ ሰማ። የአራት መቶው ቤተሰቦች በየተራቸው መለሱ። ጉርሙ ቤተሰብ አልነበረውምና ተራው ሲደርስ መላሽ ጠፋ፤ ከኢታም ጓዶች የአንዱ እናት «እኔ እመልሳለሁ» አለችና፣ ልጇን ለገደለው ሰው፣ ስንኙን ዘጋችለት።

ከዚያ ውዳላት ወደ ዘሚካ ዞረች። አንዲት እርምጃ ተጠጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጽፈሽዋል፤ ግን አላልሽውም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አልነካውም። ያንቺ ነው።»

አልቃሿ አንገቷን ቀና አድርጋ የመጀመሪያውን ስንኝ ለቀቀችው።

«ኢታም አልፎከረም፣ ሚስቱን ነው የጠራ፣»

አቆመች። አደባባዩ ሁሉ ጠበቀ። ዘሚካ ጥቁር ነጠላዋን በቀኝ እጇ ከፊቷ ላይ ገለጠች፤ ሰው ሁሉ አያት፣ እሷም እንዲያያት ተወች። ድምፅዋ ቀጭንና የተሰነጠቀ ነበር፤ እስከ አደባባዩ ዳር ግን ተሰማ።

«ፈራሁ ነው ያለው፣ እንደ ማንም ፈራ።»